ጥሩምባ የሚመስለው አበባ ግቢያችሁ ካለ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ሲመሽ አዲስ አበባ ሰፈር ውስጥ በውስጥ ለውስጥ ስትሄዱ ከአጥር በላይ ቁልቁል የተንጠለጠለ ጥሩምባ የሚመስል አበባ ታያላችሁ። ነጭም ብርቱካናማም አለው። ሽታው ማታ ማታ ሰፈሩን ያውደዋል። ብሩግማንሲያ ይባላል፤ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። እኛም ግቢ አለ፣ በጣም ነው የምወደው። ግን ከሥሩ እስከ አበባው መርዝ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ይህንን ሳያውቁ መትከል ነው። ችግኝ የሚሸጡት ልጆች ብዙ ጊዜ አይነግሯችሁም። የእኛው አስተናግር የቅርብ ዘመዱ ነው። የአስተናግር አበባ ወደ ላይ ይቆማል፣ የዚህኛው ወደ ታች ይንጠለጠላል። ሁለቱም ውስጥ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ መርዞች አሉ።

በባዶ እጅ መቁረጥ ሌላው ነው። አምና መስከረም ላይ ቅርንጫፍ ስቆርጥ ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባና በእጄ ጠረግሁት። ከሰዓት በኋላ የስልኬ ጽሑፍ ደበዘዘብኝ። መስታወት ሳይ የግራ ዓይኔ ብሌን ሰፍቶ ጥቁር ሆኗል፤ የቀኙ እንደነበረ ነው። እናቴ ስታየኝ ክው አለች። ሁለት ቀን ሙሉ ብርሃን ማየት አቃተኝ። ጓንት አድርጉ፣ ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። በሽንኩርት ቢላዋ ደግሞ በጭራሽ አትቁረጡት።

ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ አትትከሉት። ልጅ ጥሩምባ የሚመስል ነገር ካገኘ አፉ ላይ ያደርገዋል። የበዓል በግም አጠገቡ አትሰሩ። የቆረጣችሁትን ቅጠል በር ላይ አትጣሉት፣ የሚያልፍ ከብት ይበላዋል።

እንክብካቤው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውሃ ላይ ነው። ቅጠሉ ሰፋፊ ስለሆነ ውሃ ይጠጣል። ትንሽ የቀለም ባልዲ ውስጥ ከተከላችሁት በበጋ በየቀኑ ይጠማል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር መሬት ላይ መትከሉ ይሻላል። እኩለ ቀን ላይ ጠውልጎ ማታ ከተነሣ አትደንግጡ፣ ፀሐይ ነው። ፍግም ይወዳል።

«ለምን አያብብም?» የሚሉኝ ሰዎች ደግሞ አብዛኞቹ ዝቅ አድርገው የቆረጡት ናቸው። ግንዱ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ያድግና ባላ ሠርቶ ይከፈላል። የሚያብበው ከባላው በላይ ነው። ከዚያ በታች ከቆረጣችሁት እንደገና አድጎ ባላ እስኪያወጣ ትጠብቃላችሁ። ለመትከል የሚሆን ቁራጭም ከባላው በላይ ውሰዱ፣ ቶሎ ያብብላችኋል።

የሁሉም የከፋው ስህተት የበላ ሰው ሲኖር «እስቲ ትንሽ እንየው» ማለት ነው። አፉ ይደርቃል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ ልቡ ይመታል፣ ብሌኑ ይሰፋል። ከዚያ ይቀባዥራል፣ የሌለ ነገር ያያል። ስካር ወይም የአእምሮ ሕመም ሊመስላችሁ ይችላል። ለማስመለስ ብላችሁ ጣት አትክተቱበት፣ ወተት በማጠጣትም ጊዜ አታባክኑ። 907 ደውላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ፤ ታክሲ ከቀደመም በታክሲ ሂዱ። ከተክሉ አንድ ቅርንጫፍ በፌስታል አድርጋችሁ ያዙ፤ ሐኪሙ የበላውን ነገር በዓይኑ ይየው።