ቫኪዩም አልስብ ሲል የሚፈጸሙ ስህተቶች

ቆመው የሚገፉት ዓይነት ቫኪዩም እየጮኸ ፍርፋሪውን ምንጣፉ ላይ ጥሎ ሲያልፍ፣ ብዙ ሰው ሞተሩ ደክሟል ብሎ ይደመድምና አዲስ ማሽን ማፈላለግ ይጀምራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሞተሩ ደህና ነው። አየር ከታች በብሩሹ አፍ ይገባል፣ በዘንጉና በቱቦው ሽቅብ ይወጣል፣ ቆሻሻውን ማጠራቀሚያው ውስጥ ይጥላል፣ በማጣሪያ በኩል ወደ ሞተሩ ያልፋል፣ በመጨረሻም በመውጫው ማጣሪያ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ማሽኑ የማይስበው ይህ መንገድ አንድ ቦታ ላይ ስለተዘጋ ነው፤ ወይም ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ተከፍቶ፣ ከወለሉ መሳብ ሲገባው ከጎን አየር ስለሚስብ ነው። ሌላ ምክንያት ቢኖርም ጥቂት ነው።

ችግሩ የት እንዳለ ሳይለዩ መፍታት

ካቻቢቴ ከማንሳትም ሆነ ዕቃ ከመግዛት በፊት ጉልበቱ የጠፋበትን ክፍል መለየት ያስፈልጋል፤ ለዚህም ከመዳፍ በቀር ምንም መሣሪያ አያሻም። መጀመሪያ ማጠራቀሚያውን ባዶ ያድርጉ። ቱቦውን ከማጠራቀሚያው ጋር ከሚገናኝበት ላይ ያውልቁና ማሽኑን አብርተው የተከፈተውን ቀዳዳ በመዳፍዎ ይድፈኑ። መዳፍዎን አጥብቆ ከያዘው ሞተሩ፣ ማጣሪያዎቹና ማጠራቀሚያው ጤነኛ ናቸው፤ ችግሩን በቱቦው፣ በዘንጉ ወይም በብሩሹ ቤት ይፈልጉት። ካልያዘው ግን ቱቦውን ይተዉት፤ መፈተሽ ያለባቸው ማጣሪያው፣ የማሸጊያ ጎማው፣ ከረጢት ያለው ማሽን ከሆነ ከረጢቱ፣ በስተመጨረሻም ሞተሩ ናቸው።

ቀጥሎ ቱቦውን መልሰው ይግጠሙና በጫፉ ላይ ያንኑ ሙከራ ያድርጉ፤ ከዚያ ዘንጉን ጨምረው ይድገሙት። ይይዝ የነበረው መዳፍ መላላት የጀመረው የትኛው ክፍል ሲጨመር ነው? መፈታት ያለበት እሱ ብቻ ነው።

አንዳንድ ሞዴሎች እጀታው ቀጥ ብሎ ሲቆም አየሩን ወደ ረጅሙ ቱቦ፣ ወደ ኋላ ሲዘነበል ደግሞ ወደ ወለሉ ብሩሽ የሚያዞር ክዳን በውስጣቸው አላቸው። እንዲህ ባለው ማሽን ቱቦው በደንብ እየሳበ ወለሉ ላይ የማይነሳ ነገር ካለ፣ ከብሩሹ ቤት ጀርባ ያለውን አጭር ቱቦ ይፈትሹ። ብዙ ሰው መኖሩን እንኳ አያውቀውም፤ የሚደፈነው ግን በአብዛኛው እሱ ነው። ማሽኑን አስተኝተው ከሥር ሲያዩት ብሎን ወይም መቆለፊያ ይይዘዋል።

ስለጮኸ ጉልበት አለው ማለት

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የቫኪዩም ሞተር ሸክሙ የሚያስተላልፈው አየር ነው። መንገዱ ሲዘጋ የሚያልፈው አየር ይቀንሳል፣ ሸክሙም ይቀላል፣ ሞተሩ ፍጥነት ይጨምራል፤ ድምፁም ቀጥኖ ከፍ ይላል። ስለዚህ ማንም ሳይደፍነው እንደ ፉጨት የቀጠነ ድምፅ የሚያሰማ ማሽን ውስጡ የተደፈነ ነገር አለ። በተቃራኒው፣ የቱቦውን አፍ በመዳፍ ሲደፍኑት ድምፁ ምንም ካልተለወጠ አየሩ በሌላ ቀዳዳ እየገባ ነው። ቱቦው ተሰንጥቆ፣ የማጠራቀሚያው ክዳን በደንብ ሳይገጥም ቀርቶ ወይም የማሸጊያ ጎማው ላይ ፀጉር ተጋድሞ ሊሆን ይችላል። ለጎማው እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል፤ ዙሪያውን ጠርገው፣ ከቦታው የወጣ ካለ በጣት ተጭነው ይመልሱት።

ማጣሪያውን እርጥብ እንዳለ መመለስ

ከስህተቶቹ ሁሉ ይህ በብዛት ይታያል፤ ጉዳቱም ከባድ ነው። ከረጢት በሌላቸው ማሽኖች ከሞተሩ በፊት ያለው ማጣሪያ ብዙውን ጊዜ ስፖንጅና ከሱ ጋር የተደረበ ሱፍ መሰል ንጣፍ ነው። ሲታጠብ ላዩ ቶሎ ይደርቃል፣ መሀሉ ግን ውሃ እንደያዘ ይቆያል። ያንን ይዞ ሲሠራ አቧራው እርጥበቱ ላይ ተለጥፎ ጭቃ ይሆናል፤ በማግሥቱ ማሽኑ ማጣሪያው ከመታጠቡ በፊት ከነበረው የባሰ ይሆናል፣ የሻገተ ሽታም ያመጣል። ውሃው እየተሳበ ወደ ሞተሩ ከገባ ደግሞ ጉዳዩ ከሽታ ያልፋል።

አስተጣጠቡ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ደረቁን አቧራ ከቤት ውጭ ያራግፉ። ከቧንቧ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ይዘው ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ይጭመቁት፤ መጠምዘዝ ግን ይቀድደዋል። ሳሙና አያስፈልግም፤ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚቀረው የሳሙና ቅሪት አቧራ ይይዛል። ከዚያ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ያቁሙት። ስፖንጁ ወፍራም ከሆነ ወይም ወቅቱ ክረምት ከሆነ 48 ሰዓት ይስጡት። መድረቁን ለማወቅ በደረቅ ሶፍት ጠቅልለው ጨምቀው ይያዙት፤ ሶፍቱ ከራሰ ገና ነው።

በፀጉር ማድረቂያ፣ በልብስ ማድረቂያ ማሽን ወይም በምድጃ አጠገብ ማድረቅ ስፖንጁን ያኮማትረዋል። የተኮማተረ ማጣሪያ ቤቱን ስለማይሞላ አቧራው በጠርዙ በኩል በቀጥታ ወደ ሞተሩ ያልፋል። ለመጠበቅ ጊዜ ከሌለ መፍትሔው ሁለተኛ ማጣሪያ ገዝቶ ማፈራረቅ ነው። ሲመልሱትም ቅደም ተከተሉን ያስተውሉ፤ ስፖንጁና ንጣፉ ቦታ ከተቀያየሩ አንዱ ቶሎ ይደፈናል።

አንዱን ማጣሪያ አጥቦ ሌላውን መርሳት

ብዙዎቹ ማሽኖች ሁለት ማጣሪያ አላቸው። ሁለተኛው ከሞተሩ በኋላ፣ አየሩ በሚወጣበት በኩል ነው፤ በማሽኑ ፊት ለፊት በታች ወይም በጎን በኩል ከክዳን ሥር ይገኛል። አብዛኛውን ጊዜ ሄፓ የሚባለው የታጠፈ ወረቀት መሰል ማጣሪያ ነው። በአሜሪካ መለኪያ እውነተኛ ሄፓ 0.3 ማይክሮን የሚያህለውን ብናኝ ቢያንስ 99.97 በመቶ ይይዛል። ያን ያህል የደቀቀ ነገር የሚይዝ ማጣሪያ መደፈኑ አይቀርም፤ መውጫው ሲታፈን ደግሞ መግቢያውም አይስብም። ሊታጠብ እንደሚችል ላዩ ላይ ወይም መመሪያው ላይ ካልተጻፈ ውሃ አያስነኩት፤ ቃጫው ይበላሻል። በብሩሽ ማሸትም ያው ነው። ቆሻሻ መጣያ ላይ ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉት፤ አሁንም ግራጫ ከሆነ ይቀይሩት።

ማጣሪያው ሲወጣ ማሽኑ እንደ አዲስ መሳቡን አይቶ ያለ ማጣሪያ መሥራት የሚቀጥል ሰው አለ። የተደፈነው ማጣሪያው መሆኑ ታውቋል፤ መልካም። ከዚያ በኋላ የሚገባው እያንዳንዱ ብናኝ ግን የሞተሩን ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚሽከረከርበትን) እና ካርቦን (ለሚዞረው ክፍል ኮረንቲ የሚያደርሰውን) ይበላል።

ማጠራቀሚያው እስኪጠቀጠቅ መጠበቅ

ከረጢት የሌለው ማሽን አየሩን እያሽከረከረ ነው አቧራውን ከአየር የሚለየው። ቆሻሻው ማጠራቀሚያው ላይ ከተሰመረው የመሙያ ልክ ሲያልፍ የሚሽከረከርበት ቦታ ያጣል፤ ደቃቁ አቧራም ሳይለይ ወደ ማጣሪያው ይሄዳል። ስለዚህ ጠግቦ የሚሠራ ማጠራቀሚያ የሚጎዳው ማጣሪያውን ነው። ሲደፉት መሀል ያለውን ወንፊትም ይዩ፤ ፀጉርና ብጣቂ ክር ጠምጥሞት ከሆነ በደረቅ ብሩሽ ያጽዱት። ከረጢት ባለው ማሽን ደግሞ ዓይን ያታልላል፤ የወረቀት ከረጢት ገና ግማሽ ሳይሞላ ቀዳዳዎቹ በዱቄት መሰል አቧራ ሊደፈኑ ይችላሉ። ደፍቶ መልሶ መጠቀምም አያዋጣም።

ቱቦውን በሽቦ መውጋት

የልብስ መስቀያ ሽቦ አቃንቶ ቱቦ ውስጥ መስደድ የተለመደ ነው። ሽቦው የተደፈነውን ያስወጣ ይሆናል፤ ቀጭኑን ፕላስቲክ ግን በስቶ አዲስ ችግር ይተክላል። መጀመሪያ ማሽኑን ከሶኬት ይንቀሉ። ቱቦውን ዘርግተው በአንዱ ጫፍ የስልክ መብራት ያብሩ፣ በሌላው ይመልከቱ፤ ወይም ከላይ ሳንቲም ጣል ያድርጉና ከታች መውጣቱን ይዩ። ካልወጣ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ የመጥረጊያ እንጨት ቆሻሻው ከገባበት ሳይሆን ከወዲያኛው ጫፍ አስገብተው ወደመጣበት ይግፉት። ወደ ውስጥ መግፋት የበለጠ ያጠብቀዋል።

የተሰነጠቀ ቱቦን በናስትሮ መጠቅለል ለዛሬ ያህል ይሠራል፤ ቱቦው ሲሳብና ሲታጠፍ ግን ይላቀቃል። ስንጥቁ ከጫፉ አጠገብ ከሆነ የተበላሸውን ቆርጦ መያዣውን መልሶ ማሰር ይቻላል፤ በብዙ ሞዴሎች መያዣው በጥርሱ ዞሮ ይገባል።

ብሩሹ አለመዞሩን ከመሳብ ጋር ማምታታት

ቺንጋው፣ ማለትም ብሩሹን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ጎማ፣ ቢበጠስ ብሩሹ ይቆማል እንጂ አየሩ አይቀንስም። ምንጣፍ ላይ የማይነሳ ፀጉርና ፍርፋሪ በቱቦው ጫፍ ሲሞከር ከተነሳ ቺንጋውን ወይም ብሩሹን ይፈትሹ። የተቃጠለ ጎማ ሽታም የሚያመለክተው ወደዚያው ነው፤ ብሩሹ ተይዞ ቺንጋው በሞተሩ ዘንግ ላይ እየተንሸራተተ ነው። ብሩሹ ላይ የተጠመጠመውን በመቀስ በርዝመቱ ቆርጠው ይሳቡት፤ ብዙ ብሩሾች ለመቀስ የተተወ ቦይ አላቸው። ሹሩባ በሚሠራበት ቤት ሁለቱን የብሩሹን ዳርቻዎች በተለይ ይፈትሹ። የሰው ሠራሽ ፀጉር ዳርቻው ላይ ተጠምጥሞ ሲፋተግ ይሞቃል፣ ይቀልጣል፣ ኩሽኔታውንም ያጣብቃል። አዲስ ቺንጋ ሲገዙ በዓይን ግምት ሳይሆን ከማሽኑ ሥር ወይም ጀርባ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ይዘው ይሂዱ፤ ትንሽ የመጠን ልዩነት ወይ ያላላዋል ወይ ኩሽኔታውን ይበላል።

ቫኪዩም የማይወደውን መሳብ

ጀሶ ከተፋቀ በኋላ የሚቀረው ብናኝ፣ ዱቄት፣ ምንጣፍ ላይ ለሽታ የሚነሰነስ ፓውደርና ቤኪንግ ሶዳ ማጣሪያን በአንድ ጊዜ ሊደፍኑ ይችላሉ። ቡና የሚፈላበት ቤት ደግሞ የራሱ ነገር አለው። የተጎዘጎዘ ቄጠማ ቱቦው መታጠፊያ ላይ ይጋደማል፤ በኋላ የሚመጣው ፀጉርና ፈንዲሻ እሱ ላይ ተጠራቅሞ ይደፍነዋል። በመጥረጊያ ቀድሞ ማንሳት ይሻላል። የከሰልና የዕጣን አመድ ግን ጭራሽ ቫኪዩም ውስጥ መግባት የለበትም። የደቀቀ በመሆኑ ማጣሪያ ይደፍናል፤ ከዚያም በላይ የጠፋ የመሰለ ፍም አመድ ውስጥ ለብዙ ሰዓት ሊቆይ ስለሚችል፣ አየር እየተነፋበት በደረቅ አቧራ መሀል እሳት ያስነሳል።

የሞቀውን ማሽን ደጋግሞ ማብራት

መንገዱ ሲዘጋ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየርም ይጠፋል። ማሽኑ ሲሠራ ቆይቶ በራሱ ከጠፋ የሙቀት መከላከያው ቆርጦታል ማለት ነው። ማብሪያውን ያጥፉ፣ ከሶኬት ይንቀሉ፣ 45 ደቂቃ ያህል ይተዉት፤ በዚህ መሀል የተደፈነውን ይፈልጉ። ሳይጸዳ መልሶ ማብራት ያንኑ ማስደገም ነው።

የእጀታውን ማስተንፈሻና ከፍታውን መዘንጋት

መጋረጃ ለማጽዳት የተከፈተ ተንሸራታች ቀዳዳ ሳይዘጋ ይቀራል። ከፍታ የሚቀየርበት ብሩሽም ለወፍራም ምንጣፍ ተነሥቶ ስስ ምንጣፍ ላይ ከሠራ አየሩ በጎን ይገባል። ሁለቱንም ከሁሉ በፊት ይዩ፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ከአሜሪካ የመጣን ማሽን እንደ አገር ቤቱ ማየት

የአሜሪካ ማሽን የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው 220 ነው። የስፒናውን ቅርጽ ብቻ በሚቀይር አዳፕተር ከተሰካ ሞተሩ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ሲገዙ ደግሞ የማሽኑን አምፔር በ120 ያባዙ፤ 12 አምፔር ያለው 1440 ዋት ይሆናል። ሞተር ሲነሳ ከዚያ በላይ ስለሚስብ 2000 ዋት ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ይምረጡ። 220ን በግማሽ የሚከፍል ትራንስፎርመር 110 ቮልት ስለሚሰጥ ማሽኑ ከለመዱት በመጠኑ ቢደክም ብልሽት አይደለም። ለ220 የተሠራም ቢሆን ኮረንቲው ወርዶ 180 ሲደርስ የሞተሩ ጉልበት በግምት በሲሶ ይቀንሳል፤ ቀጭንና ረጅም ኤክስቴንሽንም የራሱን ይቀንሳል። ስለዚህ ማታ ማታ፣ መብራቱ ሲደበዝዝ ብቻ የሚደክም ቫኪዩም መፈታት የለበትም።

ኮረንቲው ሙሉ ሆኖ፣ መንገዱ ጸድቶ፣ ማጣሪያው አዲስ ሆኖም መዳፍ የማይይዝ ከሆነ ያኔ ሞተሩን መጠርጠር ይገባል። ካርቦኑ ያለቀ ሞተር በአየር ማስወጫው በኩል ብዙ ብልጭታ ያሳያል፣ የተቃጠለ ሽታ አለው፣ ድምፁም ይቆራረጣል። ካርቦን መቀየር ለጠጋኝ ቀላል ሥራ ነው፤ ኩሽኔታው ካንቋረረ ግን ለርካሽ ማሽን ጥገናው ከዋጋው ሊበልጥ ይችላል።