ልብ ሲቆም፦ አምቡላንስ እስኪደርስ ምን ይደረጋል?

ማጣጣር መተንፈስ አይደለም። ይህን ከሁሉ ያስቀደምኩት ባለማወቄ ጎረቤቴን ስላጣሁ ነው። ታሪኩን ከታች እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ጊዜው። ልብ ደም መርጨቱን ሲያቆም አንጎል ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። እኛ ሰሜን ሸዋ ውስጥ የምንኖር ሰዎች ይህን ቁጥር ከመንገዳችን ጋር አያይዘን ማሰብ አለብን። ታርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ መኪና መብራቱን አብርቶ እያዘገመ ነው የሚያልፈው። ከመንዝ ገጠር በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና መንገድ ድረስ የወጣ ሰው ደግሞ ርቀቱን ያውቀዋል። ደብረ ብርሃን መሃል ከተማ እንኳ ብንሆን አምቡላንስ በ5 ደቂቃ ይደርሳል ብሎ መተማመን አይቻልም። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ያለው ሥራ አጠገቡ የቆመው ሰው ሥራ ነው።

1. ከመንካታችሁ በፊት ዙሪያውን እዩ

መኪና የሚያልፍበት ከሆነ መንገዱን የሚያስቆም ሰው አቁሙ። ኤሌክትሪክ ይዞት ከሆነ ቆጣሪውን ሳታጠፉ አትንኩት። ይሄ ግልጽ ነው።

ግልጽ ያልሆነው ከሰል ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ሰው ከሰል አንድዶ፣ በር ዘግቶ፣ ባና ደርቦ መተኛት ምን ያህል እንደሚያጓጓ ያውቃል። የሚገድለው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ሽታም ቀለምም የለውም። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ከጠፋ በኋላም ይወጣል። ስለዚህ ጠዋት በር አንኳኩታችሁ መልስ ካጣችሁና ገብታችሁ የተዘረረ ሰው ካያችሁ፣ እዚያው ቤት ውስጥ ተንበርክካችሁ መርዳት አትጀምሩ። እናንተም ትጨመራላችሁ። በርና መስኮቱን ከፍታችሁ ቶሎ ጎትታችሁ ወደ ውጭ አውጡት። ከዚያ በኋላ ነው ሌላው። ወተት ፍለጋ አትሩጡ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ የሚገባ ወተት ወደ ሳንባ ነው የሚሄደው።

2. ጥሩት፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጉት፣ አስደውሉ

«ጋሼ! ጋሼ! ይሰሙኛል?» መልስ ከሌለ ጩኹ። ግን ለሁሉም ሰው «አምቡላንስ ጥሩ!» ካላችሁ ማንም አይደውልም። ሁሉም ሌላው የደወለ ይመስለዋል። አንዱን በልብሱ ለዩት፦ «አንተ፣ ሰማያዊ ጃኬት የለበስከው! 907 ደውል፤ ሲያነሱ ንገረኝ።» 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር ነው። የወረዳችሁን አምቡላንስ ቁጥርም አስቀድማችሁ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ውሰዱ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋችሁ መሬት አስቀምጡትና እየተነጋገራችሁ ወደ ቀጣዩ እለፉ።

3. ትንፋሹን መርምሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በጥር ወር፣ ጠባሴ አንድ ሰርግ ላይ ነበርኩ። ሙሽሮቹ ገና አልደረሱም። ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው ጎረቤታችን ወንበር ሲደረድሩ ቆይተው በቆሙበት ተዘረሩ። መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ። ጎንበስ ብዬ አዳመጥኩ። እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ ሰማሁ። አፋቸው ይከፈታል፣ አገጫቸው ወደ ላይ ይሳባል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አንድ ጊዜ። ቀና አልኩና «አይዟችሁ፣ ይተነፍሳሉ» አልኩ።

ያቺ ቃል ሁሉንም አረጋጋች። አንዱ ውሃ ረጨ። ሌላው ክብሪት ጭሮ አሸተታቸው። ሽንኩርትም መጣ። ከዚያ ለአራት ተሸክመን ባጃጅ ውስጥ አጣጥፈን አስቀመጥናቸው። ከድንኳኑ እስከ ሕክምና ቦታው ድረስ ደረታቸውን የነካ ሰው አልነበረም። ስንደርስ አልፈዋል።

ከዓመት በኋላ የመጀመሪያ እርዳታ ስልጠና ገባሁ። አሰልጣኙ ወለሉ ላይ ተጋደመና ያንኑ ድምፅ አሰማን። «ይሄ ሰው ይተነፍሳል ወይስ አይተነፍስም?» ብሎ ጠየቀ። ከክፍሉ ግማሹ «ይተነፍሳል» አለ። «ልቡ ቆሟል» አለን። ወደ ውጭ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆየሁ።

ልብ በቆመ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አንጎል ውስጥ የቀረው ጥቂት ኦክስጅን ይህን ማጣጣር ሊያስነሳ ይችላል። አየሩ ለሰውየው አይጠቅመውም። ደም እየዞረ አይደለማ! ቋንቋችን ራሱ «ሲያጣጥር» ብሎ ለይቶታል። እኛ ግን ቃሉን የምንጠቀመው ሞት አይቀሬ ሆኗል ለማለት ነው። በእውነቱ ግን ደረት መጫን የሚጀመርበት ደወል ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ጋቢውን ወይም ቡርኖሱን ከደረቱ ላይ ግለጡ፤ በወፍራም ልብስ ላይ ትንፋሽ አይታይም። ግንባሩን ያዝ አድርጋችሁ አገጩን ወደ ላይ ቀና አድርጉ። ጉንጫችሁን ወደ አፉ አስጠጉ፣ ዓይናችሁን ደረቱ ላይ ጣሉ። ከ10 ሰከንድ አይብለጥ። በእነዚያ 10 ሰከንዶች ውስጥ ደረቱ ደጋግሞ፣ ሳይጨነቅ ከፍ ዝቅ ካለ ይተነፍሳል። አንድ ጊዜ ብቻ ከሳበ፣ ካንኮራፋ፣ ከተንተፋተፈ ወይም ከተጠራጠራችሁ አይተነፍስም በሉና ጀምሩ። ልቡ እየመታ ያለን ሰው ለትንሽ ጊዜ በስህተት ብትጫኑት የከፋ ጉዳት የመድረሱ ዕድል አነስተኛ ነው። የቆመን ልብ መተው ግን መግደል ነው።

የእጅ አንጓ ላይ የደም ምት አትፈልጉ። የሰለጠነ ባለሙያም በችኮላ ይሳሳትበታል። በፊልም ላይ ስላየነው ብቻ ነው የምንሞክረው።

ስለ ክብሪቱም ልጨምር። ልብ ሲቆም ሰውነት ለጥቂት ሰከንድ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። አካባቢው ወዲያው «የሚጥል በሽታ ነው» ብሎ ክብሪት ይፈልጋል። ክብሪት ለሚጥል በሽታም አይጠቅምም። መንቀጥቀጡ ሲያቆም ትንፋሹን እንደገና እዩ። በደንብ የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት፤ ምራቁና ትውከቱ ወደ ውጭ ይፈስስለታል።

4. ጫኑ

ከአልጋ አውርዱት። ፍራሽ ላይ ስትጫኑ የሚሰምጠው ፍራሹ ነው። መሬት ይሻላል፤ የጭቃ መደብም ይሆናል፣ እናንተም ላዩ ላይ ወጥታችሁ ተንበርከኩ።

የአንድ እጃችሁን መዳፍ፣ ከእጅ አንጓ ጋር የሚገናኘውን ወፍራሙን ክፍል፣ ደረቱ መሃል ላይ አሳርፉ። ልብ በግራ ነው ብላችሁ ወደ ጡቱ አትሂዱ። ሁለተኛውን እጅ ደርቡ። ክርናችሁ አይታጠፍ፤ ትከሻችሁ ከእጃችሁ በላይ ቀጥ ይበል። የሚጫነው የገላችሁ ክብደት እንጂ የክንዳችሁ ጉልበት አይደለም።

ለአዋቂ ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ነው። የክብሪት ቀፎ ቁመቱ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ አንሱና እዩት። ብዙ ነው። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው ፈርቶ የሚጫነው የዚህን ግማሽ ነው። ከተጫናችሁ በኋላ ደረቱ ሙሉ በሙሉ ተመልሶ እንዲነሳ ልቀቁት፤ ልብ በደም የሚሞላው ያኔ ነው። «ቀጭ» የሚል የጎድን አጥንት ድምፅ ሊሰማችሁ ይችላል። ያስደነግጣል። አታቁሙ። አጥንት ይጠገናል።

ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው። እስከ 30 መቁጠር በአማርኛ አስቸጋሪ ነው። «ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት» ስትሉ ቃሉ ይረዝማል፣ እጃችሁም አብሮ ይዘገያል። እኔ ከ1 እስከ 10 ሦስት ጊዜ ነው የምቆጥረው። ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ፤ ቀጥሎ የሚተካችሁ ሰው ከእናንተ ላይ ምቱን ይይዛል።

ትተካካላችሁ ደግሞ። በየ2 ደቂቃው ቀይሩ፣ ባይደክማችሁም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፣ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። የደከመ እጅ ጥልቀቱ እንደቀነሰ ራሱ አያውቀውም። ቅያሪው ከጥቂት ሰከንድ አይብለጥ።

ባጃጅ ሲመጣ «ቶሎ ጫኑት!» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ይመጣል። በሰርጉ ቀን የተሸነፍነው ለዚህ ነው። ባጃጅ ውስጥ ደረት መጫን አይቻልም። ልቡ የቆመ ሰው ያለ እርዳታ በሚያልፈው በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። አምቡላንስ እየመጣ ከሆነ በወደቀበት ቦታ ላይ መጫናችሁን ቀጥሉ።

5. ትንፋሽ መስጠት

ድንገት ለወደቀ አዋቂ ደረት መጫን ብቻውን ይበቃል፤ አፍ ለአፍ ማድረግ ከከበዳችሁ አትጨነቁ፣ ዋናውን ሥራ እየሠራችሁ ነው። ለሕፃን፣ ውሃ ለወሰደው ሰውና በከሰል ለታፈነ ግን ትንፋሽ ያስፈልጋል። የእነሱ ችግር የጀመረው ከአየር ማጣት ነው። 30 ጊዜ ተጭናችሁ 2 ጊዜ ንፉ። አገጩን ቀና አድርጉ፣ አፍንጫውን ቆንጥጣችሁ ያዙ፣ አፋችሁን በአፉ ላይ ግጠሙና ደረቱ ከፍ ሲል እስክታዩ ድረስ ለ1 ሰከንድ ያህል ንፉ። ለጨቅላ ሕፃን አፍና አፍንጫውን በአንድነት በአፋችሁ ሸፍናችሁ በጉንጫችሁ አየር ብቻ ንፉ፤ ደረቱንም በሁለት እጃችሁ ዙሪያውን ይዛችሁ በሁለት አውራ ጣታችሁ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ጫኑ።

6. እስከ መቼ?

ሰውየው ራሱ በደንብ መተንፈስ ወይም መንቀሳቀስ እስኪጀምር፣ ባለሙያ እስኪረከባችሁ፣ ወይም ጉልበታችሁ ፈጽሞ እስኪያልቅ። ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳው አውቶማቲክ መሣሪያ አጠገባችሁ ካለ ወዲያው ክፈቱት፤ ራሱ እየተናገረ ይመራችኋል። መተንፈስ ከጀመረ በጎኑ አስተኙት፣ ጋቢ አልብሱት፣ ዓይናችሁን ግን ከደረቱ ላይ አትንቀሉ። ልቡ እንደገና ሊቆም ይችላል።

ስለ ደም መፍሰስ አንድ ነገር

የደብረ ሲናን ቁልቁለት የሚመላለስ ሰው ይህንንም ይያዝ። ደሙ እየተንዠቀዠቀ ከሆነ ንጹሕ ጨርቅ፣ ነጠላም ቢሆን፣ ቁስሉ ላይ አድርጋችሁ በሙሉ ክብደታችሁ ጫኑ። ጨርቁ ከራሰ ሳታነሱት ሌላ ደርቡበት። የቡና ዱቄት አትነስንሱበት። ደሙን የሚያቆመው ግፊቱ ነው፤ ዱቄቱ ቁስሉን ያመረቅዛል።

ልምምድ

በስልክ ቪዲዮ አይቶ «ችያለሁ» ማለትን አልወደውም። ጥልቀቱን ክንድ እንጂ ዓይን አይማረውም። ሲጫኑት ድምፅ የሚሰጥ አሻንጉሊት ያለበት ስልጠና ካገኛችሁ ገንዘብ ከፍላችሁም ቢሆን ግቡ። ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ እርዳታ ስልጠና ይሰጣል፤ ዕድራችሁ ተሰብስቦ ሊጠይቅ ይችላል። እስከዚያው ግን ጠንካራ ትራስ መሬት ላይ አስቀምጡና 2 ደቂቃ ሙሉ ጫኑ። እኛ ቤት ልጆቹ ይቆጥራሉ፣ እኔና ባለቤቴ እንፈራረቃለን። የወረዳው አምቡላንስ ቁጥርና 907 ከበሩ ጀርባ በትልቁ ተጽፈዋል፤ ትንሿ ልጄም ታነባቸዋለች።