ለማያውቁት ነጋዴ ደውሎ ቀጠሮ ማስያዝ

የመጀመሪያው ጥሪ ዓላማ አንድ ብቻ ነው፤ ናሙና ይዘው የሚሄዱበትን ቀንና ሰዓት ማስቆረጥ። ለምሳሌ የሚሸጡት በ20 ሊትር ጀሪካን የሚቀርብ ፈሳሽ ሳሙና፣ ገዢዎቹም የደሴና የኮምቦልቻ ምግብ ቤቶች ናቸው እንበል።

ቁጥር ለመሰብሰብ በእግር መውጣትን የሚያህል የለም። ከፒያሳ ተነስተው ታፔላ እያነበቡ 30 ቁጥር ይመዝግቡ፤ ከእያንዳንዱ ጎን ስለ ቤቱ ያዩትን አንድ ነገር ይጻፉ። ከሰው የሚገዛ የስልክ ዝርዝር የተቀየረ ቁጥር ስለሚበዛበት አይመከርም።

ለምግብ ቤት ከጠዋቱ 3 እስከ 4 ሰዓት ተኩል፣ ወይም የምሳው ግርግር ካለፈ በኋላ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ይደውሉ። ዓርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይተዉት፤ ብዙው ነጋዴ ጁምዓ ላይ ነው። በረመዳን ደግሞ ማፍጠሪያው ሲቃረብ አይደውሉ።

ስልኩ ሲነሳ ሰላምታ አያስረዝሙ። ወሎ ላይ ሰላምታ ረጅም ቢሆንም፣ የማያውቀው ሰው ስለ ቤተሰቡ ደህንነት ሲጠይቀው ነጋዴው መጠርጠር ይጀምራል፤ የስልክ አጭበርባሪም በዝቷል። «ማን ልበል?» ሳይባሉ ራስዎ ይቅደሙ፦

«ጤና ይስጥልኝ፤ እገሌ እባላለሁ፣ ከእገሌ ድርጅት ነው። ቁጥርዎን ከታፔላዎ ላይ አግኝቼ ነው። የሳህን ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና እናቀርባለን፤ አንድ ደቂቃ ላስቸግርዎት?»

ያነሳው ሒሳብ ተቀባይ ከሆነ ዕቃ የሚገዛው ማን እንደሆነ፣ መቼስ እንደሚገኝ ጠይቀው ይዝጉ። ባለቤቱ ከሆነ «አንድ ጀሪካን ስንት ቀን ያቆይዎታል?» ብለው ዝም ይበሉ። ዝምታው ሲከብዳቸው በራሳቸው ጥያቄ ላይ ወሬ የሚደርቡ ሻጮች መልሱን ሳይሰሙት ይቀራሉ። ዋጋ ከተጠየቁ አያድበስብሱ፤ «ስመጣ እነግርዎታለሁ» ማለት «ውድ ነው» ተብሎ ነው የሚሰማው። የጀሪካኑን ዋጋ ማድረሻውን ጨምረው ይናገሩ።

ብዙ ሻጭ የሚሳሳተው «እሺ» ላይ ነው። ሰው ፊት ለፊት «አልፈልግም» ማለት ይከብደዋል፤ ስለዚህ «እሺ»፣ «ኢንሻአላህ እናያለን»፣ «ሌላ ጊዜ ደውልልኝ» ይላል። ይህን እንደ ትዕዛዝ የመዘገበ ሻጭ ሳምንቱን ሙሉ በከንቱ ይመላለሳል። የልቡን እሺታ የሚለየው ሰዓት መቁረጡ ነው። ወዲያው «ግማሽ ሊትር ናሙና ይዤ ልምጣ፤ ረቡዕ 4 ሰዓት ይሻልዎታል ወይስ ሐሙስ 9 ሰዓት?» ይበሉ። አንዱን ከመረጠ ቀጠሮ ነው፤ ደግመው አረጋግጠው ይጻፉት። «አይ፣ እኔው እደውላለሁ» ካለ ግን አመስግነው ይዝጉ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አይደውሉለት። የሚጎተጉት ሻጭ ስሙ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል፤ ደሴ ደግሞ ነጋዴው የሚተዋወቅበት ከተማ ነው።

ላውድስፒከር አይጠቀሙ፤ ድምፅዎ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ኢርፎን ካደረጉ እጅዎ ለመጻፍ ነፃ ይሆናል።

በቀጠሮው ዋዜማ አጭር መልእክት ይላኩ። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ሚኒባሱ እስኪሞላ ይጠበቃል፤ የሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለትም አለ። ለ4 ሰዓት ቀጠሮ 2 ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ይገኙ፣ ያን ጠዋት ደሴ ላይ ሌላ ሰው አይቅጠሩ።