ኤርፖርት ልታሰሩ ነው? ከተርሚናሉ ዲዛይን በፊት ይቺን አንብቡ

(ልታሰሩ ስል ልታስገነቡ ማለቴ ነው፣ ሌላኛው ትርጉም የሚመጣው ጥናቱን ከዘለላችሁት ነው።)

እንግዲህ የሆነ ቀን ኮሚቴ ውስጥ ትገባላችሁ፣ ወይ የከተማ ምክር ቤት አባል ናችሁ፣ ወይ ደግሞ ዝም ብላችሁ ነዋሪ ናችሁና "ኢንተርናሽናል ኤርፖርት ሊሰራልን ነው" የሚል ወሬ ይመጣል፣ ከዛ ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ተርሚናሉ ነው፣ ጣሪያው ምን እንደሚመስል፣ በማን ስም እንደሚጠራ ምናምን። እኔ ይሄን ነገር ለረጅም ጊዜ ስከታተል የገባኝ፣ ኤርፖርት መገንባቱ ቀላሉ ክፍል እንደሆነ ነው፣ ገንዘብ ካለ ኮንክሪት ይፈሳል፣ ከባዱ አውሮፕላን ማስመጣቱ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጬ ነው የምነግራችሁ፣ መጀመሪያ መንገደኛና ኤርላይን፣ ከዛ ቦታ፣ ከዛ ራንዌይ (አውሮፕላኑ የሚነሳበትና የሚያርፍበት ማኮብኮቢያ)፣ ተርሚናሉ መጨረሻ።

ማን ነው የሚበርበት?

ስፔን ውስጥ ከማድሪድ ወደ ደቡብ ሄድ ብሎ ሲዩዳድ ሪያል የሚባል ኤርፖርት አለ፣ 2008 ላይ ተከፈተ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ ከ1 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ወጥቶበታል፣ ራንዌዩ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ነው፣ ማለትም የፈለገው ጃምቦ ቢመጣ ያሳርፋል፣ ግን የሚመጣ ጠፋና 2012 ላይ ተዘጋ። 2015 ላይ ሀራጅ ሲወጣ አንዱ ተጫራች ያቀረበው ዋጋ 10 ሺህ ዩሮ ነበር። ከቢሊዮን 10 ሺህ! በዛ ዋጋ አልተሸጠም፣ ግን ነገሩ ገብቷችኋል።

የመጀመሪያው ስራችሁ ካርታ ዘርግቶ ከታሰበው ቦታ በመኪና የአንድ ሰዓትና የሁለት ሰዓት መንገድ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ መቁጠር ነው፣ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት፣ ምክንያቱም ተራራ ዞሮ የሚመጣ 60 ኪሎ ሜትር ከሜዳው 120 ሊብስ ይችላል። ከዛ እነዚህ ሰዎች አሁን በየትኛው ኤርፖርት በኩል ነው የሚበሩት፣ ወዴት፣ በዓመት ስንቴ፣ ለስራ ነው ለዘመድ ጥየቃ ወይስ ለሽርሽር። የህዝብ ብዛት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፣ ትኬት መግዛት የማይችል ሚሊዮን ህዝብ አንድ አውሮፕላን አይሞላም። ጎረቤት ያለውንም ኤርፖርት አትርሱ፣ ሁለት ሰዓት ነድቶ ርካሽ ትኬትና በቀን አስር በረራ የሚያገኝ ሰው እናንተ ጋር በሳምንት ሁለቴ የምትመጣዋን አይጠብቅም።

ቀጥሎ ኤርላይኖቹን አናግሩ። እዚህ ጋር ብዙ ኮሚቴ ይሸወዳል፣ ኤርላይኑ "ሀሳባችሁን እንደግፋለን" ብሎ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ደብዳቤው በፍሬም ይሰቀላል። ለኤርላይኑ ደብዳቤ መጻፍ ምንም አያስወጣውም እኮ! መጠየቅ ያለባችሁ የትኛውን መስመር፣ በየትኛው አውሮፕላን፣ በሳምንት ስንቴ፣ ወንበሩ ስንት ፐርሰንት ካልሞላ ነው ጥላችሁ የምትሄዱት ብላችሁ ነው። አዲስ ኤርፖርት መጀመሪያ ላይ የማረፊያ ክፍያ ቅናሽ መስጠቱ፣ የማስታወቂያ ወጪ መጋራቱ የተለመደ ነው፣ ችግር የለውም፣ ግን ቅናሹ ሲያልቅ በረራውም አብሮ ሊያልቅ እንደሚችል አስቡ።

ሌላ ቁጥር፣ በዓለም ላይ በዓመት ከ1 ሚሊዮን በታች መንገደኛ የሚያስተናግዱ ኤርፖርቶች አብዛኞቹ ኪሳራ ላይ ናቸው። ይሄ ማለት አይሰራ ማለት አይደለም፣ መንገድም በየቀኑ ትርፍ አያመጣም፣ ግን "ራሱን ይችላል" ተብሎ ከቀረበላችሁ የአዋጭነት ጥናቱን ከፍታችሁ ዝቅተኛውን ግምት ፈልጉ። ኮንሰልታንቶች አብዛኛውን ጊዜ ሶስት ግምት ያስቀምጣሉ፣ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ፣ ፖለቲከኛው ማይክ ይዞ የሚያነበው ከፍተኛውን ነው። እናንተ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፣ በዝቅተኛው ግምት ብድሩ ይከፈላል ወይ? ካልተከፈለስ ማነው የሚከፍለው? "ግሉ ባለሀብት ነው የሚሰራው እኛን አያገባንም" ከተባለ ደግሞ ኮንትራቱ ውስጥ የገቢ ዋስትና የምትል አንቀጽ አለች ወይ ብላችሁ ፈልጉ፣ ካለች መንገደኛ ሲጠፋ ልዩነቱን የሚሞላው መንግስት ነው፣ መንግስት ማለት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

"ኢንተርናሽናል" የሚለው ቃል

ራንዌዩ ሲረዝም ኢንተርናሽናል የሚሆን የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። በ1944ቱ የቺካጎ ኮንቬንሽን አንቀጽ 10 መሰረት ከውጭ የሚገባ አውሮፕላን፣ አገሩ ከፈለገ፣ ለጉምሩክና ለሌላ ፍተሻ ብሎ በሰየመው ኤርፖርት ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ስያሜው የመንግስት ውሳኔ ነው፣ ከስያሜው ጋር ደግሞ ኢሚግሬሽን፣ ጉምሩክ፣ ጤና፣ የእንስሳትና የእጽዋት ቁጥጥር የሚሰሩ ሰዎች ይመደባሉ፣ በሳምንት ሁለት በረራ ብቻ ቢኖርም ደሞዛቸው በየወሩ ነው። ይሄን ወጪ የትኛው መስሪያ ቤት እንደሚሸፍን በጽሁፍ ያዙ፣ በቃል የተነገራችሁን አትቀበሉ።

ከዛ ደግሞ ማንም የማያነሳው ጉዳይ አለ። በሁለት አገሮች መሀል ያለው የአየር ትራንስፖርት ስምምነት የማረፊያ ከተሞችን በስም ዘርዝሮ ከሆነና የእናንተ ከተማ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለች፣ የውጭው ኤርላይን ሞቶ ቢፈልግም አይመጣም፣ ስምምነቱ መሻሻል አለበት። ሲሻሻል ደግሞ ዋናው ከተማ ላይ ሀብ (መንገደኛ አውሮፕላን የሚቀይርበት ማዕከል) ያለው ኤርላይን ፊቱን ሊያጨልም ይችላል፣ ምክንያቱም እናንተ ጋር በቀጥታ የገባ መንገደኛ በሱ በኩል ትራንዚት አያደርግም ማለት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ብዙ ሪጅናል ኤርፖርት የሚሞተው እዚህ ጋ ነው፣ ማንም በይፋ "አይሆንም" ሳይል።

ቦታ መምረጥ፣ ማለትም ጸቡ

ሁለት ከተሞች ኤርፖርቱን ይፈልጉታል እንበል። ሁለቱንም ላለማስቀየም መሀል ላይ ይሰራል፣ ከሁለቱም ሩቅ ይሆናል፣ ከዛ ሁለቱም አይጠቀሙበትም። አስታራቂ የሚመስል ግን የከፋው ምርጫ ይሄ ነው። መድሀኒቱ፣ የቦታዎቹ ስም ከመነሳቱ በፊት መስፈርቱንና ነጥቡን ጽፋችሁ አጽድቁ፣ ለነፋስ ይሄን ያህል፣ ለመሬት ማስለቀቅ ይሄን ያህል፣ ለመንገድ ይሄን ያህል እያላችሁ። ስሞቹ አንዴ ጠረጴዛ ላይ ከወጡ በኋላ መስፈርቱ ራሱ እንደየሰው ትውልድ ቀዬ መጠማዘዝ ይጀምራል።

ስሪላንካ ውስጥ ያለውን የማታላ ኤርፖርት እዩ፣ በጊዜው ፕሬዚዳንት በነበሩት በማሂንዳ ራጃፓክሳ የትውልድ ወረዳ፣ በሀምባንቶታ፣ በቻይና ብድር ተሰርቶ 2013 ላይ በስማቸው ተከፈተ፣ በዓመት 1 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲይዝ ነበር የታሰበው፣ ኤርላይኖቹ ግን አንድ በአንድ ወጡ። የዱር እንስሳ መኖሪያ አጠገብ ስለሆነ ደግሞ 2016 ላይ ወታደርና ፖሊስ ተሰማርቶ ርችት እየተኮሰ እንስሳቱን ሲያባርር ነበር።

የካናዳዋ ሞንትሪያል ደግሞ ሚራቤል የሚባል አዲስ ኤርፖርት በ1975 ከፈተች፣ ለሱ ወደ 39,000 ሄክታር መሬት ከገበሬ ተወስዷል፣ ያን የሚያህል ቦታ! ግን የድሮው ኤርፖርት፣ ዶርቫል፣ አልተዘጋም፣ የውጭ በረራው አዲሱ ጋር የአገር ውስጡ አሮጌው ጋር ሆነ፣ ከአንዱ ወርዶ ሌላው ላይ የሚሳፈር ሰው መከራውን አየ፣ መጨረሻ ላይ 2004 የመንገደኛ በረራ ቆመ፣ ተርሚናሉም ከ2014 ጀምሮ ፈረሰ፣ የተወሰደው መሬት አብዛኛው ቆይቶ ተመልሷል። እና አሮጌ ኤርፖርት ካላችሁ የሚዘጋበትን ቀን ከአዲሱ መሰረት ድንጋይ ጋር አብራችሁ ወስኑ፣ ካልተዘጋም ምን እንደሚሰራ።

ስለ ገበሬ ካነሳን የቶኪዮው ናሪታ ኤርፖርት መቼም አይረሳም። የጃፓን መንግስት 1966 ላይ ቦታውን ወሰነ፣ ገበሬዎቹን ሳያማክር፣ ከዛ በኋላ የመጣው ዓመታት የፈጀ ግጭት ነው፣ የሰው ህይወትም ጠፍቷል፣ መጋቢት 1978 ሊከፈት ቀናት ሲቀሩት ተቃዋሚዎች ኮንትሮል ታወሩን ሰብረው ገብተው መሳሪያውን አወደሙት፣ ግንቦት ላይ ነው የተከፈተው። ሁለተኛው ራንዌይ 2002 ላይ ሲከፈት እንኳን መሬቱ ስላልተሟላ ከታቀደው አጥሮ 2,180 ሜትር ነበር። ሰውን ማማከር ጊዜ ያባክናል የሚላችሁ ካለ ይሄን ንገሩት።

በተግባር ምን ታደርጋላችሁ? ቦታው ይፋ በሚሆንበት ቀን የቆጠራ ማቋረጫ ቀን አብሮ ይታወጅ፣ ከዛ ቀን በኋላ የተሰራ ቤትና የተተከለ ዛፍ ካሳ አይኖረውም፣ አለበለዚያ ወሬው በሾለከ ሳምንት ሜዳው ላይ የቆርቆሮ ከተማ ይበቅላል። ካሳው አጥር ከመታጠሩ በፊት ይከፈል። ደግሞ ገንዘብ ብቻ መስጠት ያስቀይማል፣ በእርሻ የኖረ ሰው በእጁ የተቀበለው ብር የትም አያደርሰውም፣ መሬት በመሬት የሚቀየርበት አማራጭ ይኑር።

ነፋስ፣ ሙቀት፣ ወፍ

እዚህ ጋ ፖለቲካ አይሰራም፣ ነፋስ ካድሬ የለውም። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ አይካኦ፣ ራንዌዩ ቢያንስ 95 ፐርሰንት ጊዜ የጎን ነፋስ ሳያግደው እንዲሰራ ይመክራል፣ የነፋስ መረጃው ደግሞ ቢቻል የ5 ዓመት፣ በቀን ስምንት ጊዜ የተለካ ቢሆን ይላል። ስለዚህ ቦታ እየተጣላችሁ ባላችሁበት ጊዜ እያንዳንዱ እጩ ቦታ ላይ የነፋስ መለኪያ ትከሉ፣ ወጪው ከግንባታው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ይሄን በደንብ ሳያጣራ የጀመረ ምን እንደሚገጥመው ሴንት ሄለና ደሴት አሳይታለች፣ እንግሊዝ ወደ 285 ሚሊዮን ፓውንድ አውጥታ ኤርፖርት ሰርታ፣ 2016 ላይ ሊመረቅ ሲል በራንዌዩ ጫፍ ያለው ድንገት የሚቀያየር ነፋስ ለትልቅ አውሮፕላን አስቸጋሪ መሆኑ ታወቀ፣ መደበኛው በረራ በአነስተኛ አውሮፕላን ጥቅምት 2017 ነው የጀመረው።

የራንዌይ ርዝመት ላይ ደግሞ ከሌላ ከተማ አትኮርጁ። ግምታዊው ስሌት እንዲህ ነው፣ ከባህር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ 7 ፐርሰንት ትጨምራላችሁ፣ ከዛ የቦታው ሙቀት ለዛ ከፍታ ከተቀመጠው መደበኛ ሙቀት ለሚበልጥበት ለእያንዳንዱ ዲግሪ 1 ፐርሰንት። ባህር ወለል ላይ 2,000 ሜትር የሚበቃው አውሮፕላን 600 ሜትር ከፍታ ላይ፣ 26 ዲግሪ ሙቀት ባለበት ቦታ፣ ወደ 2,620 ሜትር ይፈልጋል። የከፍታና የሙቀቱ ጭማሪ ተደምሮ ከ35 ፐርሰንት ካለፈ በዚህ ስሌት አትሂዱ፣ ለብቻው ጥናት ያስፈልገዋል። ደጋ ላይ ሆኖ "አጭር ራንዌይ ይበቃናል" ማለት አውሮፕላኑ ነዳጅ ወይ መንገደኛ ቀንሶ ይነሳል ማለት ነው።

ዙሪያውን እዩ፣ ኮረብታ፣ ምሰሶ፣ ረጅም ህንጻ። ለትልቅ ራንዌይ በ4 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ከኤርፖርቱ ከፍታ በላይ 45 ሜትር አካባቢ የሚደርስ ነገር ላይ ገደብ አለ፣ እና ይሄ ገደብ የከተማው ማስተር ፕላን ውስጥ ዛሬ ካልገባ ነገ የሆነ ባለሀብት ፎቅ ያቆምበታል፣ ያኔ ማን ያፈርሰዋል? ቆሻሻ መጣያና ረግረግ አጠገብም አትሂዱ፣ ወፍ ይሰበስባል፣ ወፍ ሞተር ውስጥ ይገባል።

አንዲት ትንሽ የምትመስል ነገር ልጨምር፣ የኤርፖርቱ የእሳት አደጋ መከላከያ ደረጃ የሚወሰነው በአውሮፕላኑ ርዝመትና (ክንፉን ሳይጨምር) በአካሉ ስፋት ነው፣ ኤርባስ 320 ደረጃ 6 ሲሆን ቦይንግ 737-800 ትንሽ ስለሚረዝም ደረጃ 7 ይሆናል፣ መሳሪያውና የሰው ብዛቱም ይጨምራል። ግን በዓመቱ በተጨናነቁት ተከታታይ ሶስት ወራት ውስጥ የዛ አውሮፕላን እንቅስቃሴ ከ700 በታች ከሆነ አንድ ደረጃ ዝቅ ማለት ይፈቀዳል። እንግዲህ ኤርላይኑን "በየትኛው አውሮፕላን?" ብላችሁ ጠይቁ ያልኳችሁ ለዚህም ነው።

የምርቃት ቀን

ተርሚናሉን ትንሽ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ የሚሰፋበትን መሬት ግን ያዙ። ስለ ተርሚናል በቃ ይሄው ነው።

ቀኑን ከምርጫ ጋር አታያይዙት። ካስቴዮን የሚባለው የስፔን ኤርፖርት መጋቢት 2011 ፖለቲከኞች ሪባን ቆረጡለት፣ የመጀመሪያው መደበኛ በረራ ያረፈው መስከረም 2015 ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ፣ በርሊን ደግሞ አዲሱን ኤርፖርት ሰኔ 2012 ሊከፍቱ ግብዣው ሁሉ ተበትኖ፣ የእሳት አደጋ ጭስ ማስወጫው ስላልሰራ ሳምንታት ሲቀሩት ሰረዙት፣ ከዛ የተከፈተው ጥቅምት 2020 ነው። ስምንት ዓመት! ጀርመን ናት ይሄን ያደረገችው፣ ስለዚህ "እኛ ጋ አይፈጠርም" አትበሉ።

ግንባታው ሲያልቅ ቢያንስ ስድስት ወር ለሙከራ ያዙ፣ ግንባታው ዘገየ ብሎ ኮንትራክተሩ ከዚህ ጊዜ ላይ እንዳይቀንስ አድርጉ። በመቶ የሚቆጠር ፈቃደኛ ሰው ሻንጣ ይዞ ይምጣ፣ ህጻን የያዘች እናት፣ በዊልቸር የሚሄድ፣ ቋንቋ የማይችል፣ ፓስፖርቱ ጊዜው ያለፈበት፣ ሁለት በረራ በአንድ ሰዓት ያረፈ አስመስላችሁ አሰልፏቸው፣ መሀል ላይ መብራት አጥፉ፣ የእሳት ማንቂያ ደውሉ። ሻንጣው የት ጋ እንደሚቀረቀር፣ ሰልፉ የትኛው በር ላይ እንደሚጠማዘዝ፣ ቁልፉ ያለው ሰውዬ የት እንደሄደ የምታውቁት ያን ቀን ነው።