ፎቶ አንስተን አስተያየት ስንጠይቅ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ፎቶ ማንሳት ስጀምር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ፎቶዬን ያላሳየሁት ሰው የለም፣ ግን ምንም አልተሻሻልኩም። ያኔ ሰው እውነቱን ስለማይነግረኝ ይመስለኝ ነበር፣ አሁን ሳስበው ግን ችግሩ አጠያየቄ ነበር። አሁን እየጀመራችሁ ያላችሁ ያንን ጊዜ እንዳታባክኑት ብዬ ነው የምጽፈው፣ አብዛኛውን በአንድ ፎቶ ላስረዳችሁ፣ ሽሮ ሜዳ አንድ ሸማኔ አባት ሲሠሩ ያነሳኋት ናት።

"እንዴት ናት?" ብሎ መጠየቅ

ለዚህ ጥያቄ መልሱ አንድ ነው፣ "አሪፍ ናት"። እኛ ጋ ደግሞ ይሉኝታ አለ፣ ሰው ፊት ለፊታችሁ ቆሞ "ይሄ አልሆነም" ማለት ይከብደዋል፣ በዚያ ላይ ምኑን እንደሚያይ እንኳ አልነገራችሁትም። ስለዚህ ጥያቄውን ጠበብ አድርጉት። መጀመሪያ ዓይንሽ የት አረፈ? አንድ ነገር ከዚህ ላይ አውጣ ብልህ ምኑን ታወጣለህ? ፊታቸው በደንብ ይታያል? የሸማኔውን ፎቶ ለእህቴ አሳይቼ ዓይንሽ መጀመሪያ የት ሄደ ስላት "ቢጫው ጀሪካን ላይ" አለችኝ። ከኋላ ጥግ ላይ የተቀመጠ ጀሪካን ነው፣ እኔ ያቺን ፎቶ ስንት ጊዜ ከፍቼ ሳያት ጀሪካን መኖሩንም ልብ አላልኩም፣ እህቴ ደግሞ ስለ ካሜራ ምንም አታውቅም።

ቤተሰብን ፍርድ መጠየቅ

ከላይ ካልኩት ጋር ይሄዳል። ቤተሰብ አይጠቅምም የሚሉ አሉ፣ አልስማማም። ቤተሰብን ያየውን ነገር ጠይቁት፣ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለውን ግን አትጠይቁት። እናቴ የልጅ ልጇን ፎቶ ስታይ የምታየው ልጁን ነው፣ ፎከሱ የሳተውንም ፎቶ አንስታ ትስመዋለች፣ እሷ ልክ ናት፣ እኔ ነኝ የማይሆን ነገር የጠየቅኳት።

ሰው ሳይናገር ቀድሞ ማስረዳት

ይሄ በጣም ነው የጎዳኝ። ፎቶውን ከማሳየቴ በፊት "ቤቱ ጠባብ ነበር፣ ሌንሴ 50 ሚሊሜትር፣ ጠበብ አድርጎ የሚያሳይ ስለሆነ ወደኋላ መሄጃ አልነበረኝም፣ ብርሃኑም ከበሩ ብቻ ነው" ምናምን እላለሁ፣ ሰውየው ፎቶውን ማየት ትቶ እኔን ማጽናናት ይጀምራል። የሚተችም ሲገኝ "አይ እሱን እኮ ሆን ብዬ ነው" እላለሁ፣ ያ ሰው ሁለተኛ አይነግረኝም። አሁን የማደርገው ፎቶውን ሰጥቼ ዝም ማለት ነው፣ ያሉትን ቃል በቃል ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ካልገባኝ "የቱ ጋ?" ብቻ ነው የምጠይቀው። ያነሳሁበትን ሁኔታና ሴቲንጉን የምናገረው እነሱ ከጨረሱ በኋላ ነው። ዝምታው መጀመሪያ ላይ በጣም ይጨንቃል፣ እመኑኝ ይለመዳል።

የተበላሸ ኮፒ መላክ፣ ብዙ መላክ

በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይቀንሰዋል፣ ጥራቱም ፋይሉ ውስጥ የተመዘገበው የካሜራ ሴቲንግም ይጠፋል፣ እንደ ፋይል ላኩት። ማታ ስልኩን ብርሃኑን እስከ ጥግ ከፍቶ ኤዲት ማድረግም አለ፣ የጨለመ ፎቶ ደህና ይመስላችኋል፣ ሂስቶግራሙን (የፎቶውን የጨለማና የብርሃን መጠን የሚያሳየውን ግራፍ) እዩ። ደግሞ 40 ፎቶ አትላኩ፣ 5 ይበቃል፣ መምረጥ ራሱ ግማሽ ሥራ ነው። አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሰለ ዝግጅት (እ.ኤ.አ. በ2010 በፎቶግራፈር አይዳ ሙሉነህ የተጀመረው የፎቶ ፌስቲቫል) የፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የተመረጡ ሥራዎቻችሁ፣ ግምገማ ሲኖረው ከባለሙያ ጋር የምትቀመጡበት ጊዜ አጭር ነው፣ ደካማ ፎቶ ላይ ካለቀ አለቀ።

ችግሩን ትቶ መፍትሔውን መቀበል

እዚህ ጋ ረዘም ልበል። በሸማኔው ፎቶ ላይ የሚሸምኑት ነጭ ጋቢ ደህና ነው፣ ፊታቸው ግን ጨልሟል። አንዱ ጓደኛዬ ገና ሲያያት "ካሜራህ ነው፣ ፉል ፍሬም ግዛ" አለኝ (ትልቅ ሴንሰር ያለው ውድ ካሜራ ማለቱ ነው)፣ የዕቁቤን ብር ላወጣበት ምንም አልቀረኝም ነበር። ጓደኛዬ ችግሩን በትክክል አይቷል፣ ፊቱ ጨልሟል፣ መፍትሔው ግን የሱ ግምት ነው፣ እኔ ሁለቱን መለየት አልቻልኩም። በኋላ ሠርግ የሚያነሳ አንድ ሰው ሴቲንጌን አይቶ አስረዳኝ። ካሜራ ብርሃን ሲለካ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ነው የሚሞክረው፣ ፍሬሙን ነጭ ነገር ከሞላው ቦታው በጣም የበራ ይመስለውና ያጨልመዋል፣ ፊት አብሮ ይጨልማል። ጋቢ፣ ነጠላ፣ የሀበሻ ቀሚስ የምታነሱ ሁሉ ይገጥማችኋል፣ ጥምቀት ላይማ ሁሉም ነጭ ነው የለበሰው። በጣም ውድ ካሜራ ብገዛም ያው ይሆን ነበር። ኤክስፖዠሩን ፕላስ 1 አድርገው አለኝ (ካሜራው ከለካው እጥፍ ብርሃን እንዲያስገባ ማለት ነው)፣ ሄጄ አደረግኩ፣ ፊታቸው ወጣ።

ላይክን እንደ አስተያየት መቁጠር

የበዓል ፎቶ ስትለጥፉ ሰው ላይክ የሚያደርገው በዓሉን ነው። ሌላ የምለው የለኝም።

የተነሳውን ሰው አለመጠየቅ

ይሄን ማንም አልነገረኝም። ፊታቸው የወጣውን ፎቶ አሳጥቤ ለሸማኔው አባት ወሰድኩላቸው፣ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው። ትንሽ አዩትና "ልጄ፣ ጥለቱ የታለ?" አሉኝ። እውነትም ጥለቱ የለም። ፊቱን ለማውጣት ብርሃን ስጨምር ነጩ ተቃጥሎ የድርና ማጉ መስመር ጠፍቷል፣ በርካታ ቀን የለፉበት ሥራ ወረቀቱ ላይ ባዶ ነጭ ሆኗል። ጨለማ የዋጠውን ራው ፋይል (ካሜራው ሳይጨምቅ የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ላይ በተወሰነ ደረጃ መመለስ ይቻላል፣ ነጩ አንዴ ከተቃጠለ ግን ውስጡ ምንም የለም። ፎቶግራፈር ጓደኞቼ ሁሉም ፊቱን ነው ያዩት፣ ጥለቱን ያዩት ሠሪው ናቸው። ዳቦ ጋጋሪ ስታነሱ ጋጋሪዋን ጠይቁ፣ ልብስ ሰፊ ስታነሱ ሰፊውን።

አስተያየቱን ይዞ ቁጭ ማለት

ደብተሬ ላይ ብዙ ጥሩ ምክር ተጽፎ ነበር፣ ግን ወደ ቦታው ካልተመለስኩ ምንም አይሠራልኝም፣ ስለዚህ ለሦስተኛ ጊዜ ሄድኩ። ጀሪካኑን አስፈቅጄ አነሳሁት። ኤክስፖዠሩን ነጩ እስከማይቃጠልበት ድረስ ዝቅ አደረግኩ፣ ከበሩ የሚመጣው ብርሃን በጎን እንዲመታቸው ቦታዬን ቀየርኩ፣ በጨለመው ጎናቸው በኩል ነጭ ነጠላ ሰቀልኩ፣ ብርሃኑን ወደ ፊታቸው እንዲመልሰው። ፊታቸውም ወጣ፣ ጥለቱም ክር በክር ታየ። ፎቶውን ስሰጣቸው ጥለቱን በጣታቸው ተከትለው አዩትና ለልጃቸው አንድ እንዳሳጥብላቸው ጠየቁኝ፣ ከዛ "እጄ ግን ብዥ ብሏል" አሉ። ሻተሩ (ካሜራው ለብርሃን የሚከፈትበት ጊዜ) 1/60 ሰከንድ ነበር፣ መወርወሪያ ለሚወረውር እጅ አይበቃም። በ1/250 ለማንሳት አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከ800 ወደ 3200 ማውጣት አለብኝ፣ የሚያመጣውን ኖይዝ (ፎቶው ላይ የሚታየውን ነጠብጣብ) እችለዋለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት እሄዳለሁ።