የቡና ጫካ ውስጥ ያለውን ሕይወት ልትመዘግቡ ስትገቡ እነዚህን አትሳሳቱ

ከጅማ ወደ ቦንጋ ስትሄዱ በለጠ ጫካ ይቀበላችኋል። አረንጓዴ ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው። «ደህና ነው» ብሎ ማለፍ፣ የመጀመሪያው ስህተት እሱ ነው። ከላይ የተዘጋው ጫካ ብዙ ቦታ ላይ ከስሩ ቡና ነው ያለው፣ ለቀማ ሳይደርስም የቡናው ዙሪያ ይመነጠራል። ምንጣሮው ደግሞ ሐረጉንና ቁጥቋጦውን ብቻ ሳይሆን ነገ ዛፍ የሚሆነውን ችግኝም አብሮ ያጭዳል። ስለዚህ ወደ ታች እዩ። ከትልልቆቹ ዛፎች፣ ከቀረሮው፣ ከጥቁር እንጨቱ ስር ቡቃያ አለ? ጣት የሚያክል፣ ክንድ የሚያክል ግንድስ? ሽማግሌዎቹ ብቻ ከቀሩ ጥላው አያታልላችሁ። (ገበሬውን እየወቀስኩ አይደለም፣ ቡናው ነው የሚያበላን።)

ሁለተኛው የራሴ ነው። ጀማሪ ሳለሁ አንድ የደረቀ ትልቅ ዛፍ አይቼ «ቢነሳ ይሻላል» ብዬ ጻፍኩ። አብረውኝ የነበሩት ቀፎ ሰቃይ አባት ሳቁብኝ። «ልጄ፣ የሰው ቤት ልታፈርስ ነው እንዴ?» አሉና ወደ ላይ ጠቆሙኝ። ግንዱ ላይ ቀዳዳ አለ፣ በጭቃ ተደፍኖ ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ቀርቶታል። ያ መንቁሩ ትልቅ የሆነው፣ ሲበር የክንፉ ድምፅ ከሩቅ የሚሰማው፣ የኤርኩም ዘመድ የሆነው ወፍ ቤት ነው። ሴቷ ውስጥ ሆና ራሷን ዘግታ እንቁላሏን ትታቀፋለች፣ ወንዱ ሾላውን ምኑን እየለቀመ በስንጥቁ ያጎርሳታል። የበሉትን ፍሬ ዘር ራቅ አድርገው ስለሚጥሉ ጫካውን የሚተክሉትም እነሱ ናቸው። እንዲህ ያለ ቀዳዳ ደግሞ ቀጭን ዛፍ ላይ አይገኝም። ያረጀ፣ የተሰነጠቀ፣ የዛፍ ሽበት (እንደ ፂም የሚንጠለጠለው) የወረሰው፣ ወድቆ የሚበሰብስ ግንድ ስታዩ መጀመሪያ እሱን መዝግቡ።

ጉሬዛ አይቶ «ጫካው ሙሉ ነው» ማለትም አለ። ጉሬዛ የተነካ ጫካ ውስጥም ይኖራል።

ዛፍ ቆጥሮ መርካትም ያው ነው። ለቡና ሲባል ሰሳና ብሳና ይቀራሉ፣ ጥላው ከበደ የተባለው ይቆረጣል። መቶ ዛፍ ቆጥራችሁ አራት ዓይነት ብቻ ልታገኙ ትችላላችሁ። ባህር ዛፉንማ ከቁጥሩ ተዉት።

ሌላው ጭቃ መፍራት ነው። ጫማዬ ይቆሽሻል ብሎ ምንጩንና ሸለቆውን የሚዘል ሰው ዘንባባውን፣ እንደ ዛፍ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ፈርን የሚባል አበባ የሌለው ተክል፣ እንቁራሪቱን ሁሉ ሳያይ ይመለሳል። እርጥብ ቦታ ትንሽ ቢሆንም ለብቻው ይመዝገብ።

በምንጣሮ ማግስት ሄዶ «ስሩ ባዶ ነው» ብሎ መፍረድም ተገቢ አይደለም፣ በሌላ ወቅት ተመልሳችሁ እዩት። ስትሄዱ ደግሞ ማር ቆራጮቹን ጠይቁ። ጌተም (ንብ የሚወደው የማር ዛፍ) የቱ ጋ እንደቀረ፣ ቀፎ የሚሰቀልበት አሮጌ ዛፍ የቱ እንደሆነ ከካርታ በፊት እነሱ ያውቃሉ።