ነርቩ የተቆረጠ ጡንቻ፦ ቀን የሚበሉ ስህተቶች

ክርናችን ሲጋጭ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝረን ነርቭ አለ። አልናር ይባላል። በመስታወት ወይም በስለት ከተቆረጠ፣ ከሳምንታት በኋላ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ሥጋ እየጎደጎደ ይሄዳል። ስህተቱም የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

«እጁ ሥራ ስለፈታ ነው የከሳው» ይባላል። ጄሶ ውስጥ የከረመ እጅም እኮ ይከሳል። ግን ነርቩ ደህና ስለሆነ ጄሶው ሲፈታ ያገግማል። ነርቩ የተቆረጠበት ጡንቻ ግን ራሱን ያፈርሳል፤ አፈራረሱም ተራ አለው። ቀድሞ የሚላላው ዴስሚን ነው፤ በጡንቻው ውስጥ ያሉትን ክሮች ጎን ለጎን አያይዞ የሚይዝ ፕሮቲን። የጭቃ ቤት ማገር በሉት። ማገሩ ከተፈታ ቋሚዎቹን፣ ማለትም ጡንቻውን የሚያኮማትሩትን ሚዮሲንና አክቲን የተባሉ ፕሮቲኖችን፣ መንቀል ቀላል ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. መርፍ1 እና አትሮጂን1 የተባሉ ሁለት የአፍራሽ ጂኖች ታወቁ። ከእነሱ የሚሠሩት ፕሮቲኖች የሚፈርሰው ላይ ምልክት ይለጥፋሉ፤ ፕሮቲያሶም የተባለው የሴሉ ወፍጮ ይፈጨዋል።

ስለዚህ እንቁላልና የፕሮቲን ዱቄት ማብዛት አያድነውም። መብላቱ ክፋት የለውም። ግን ቤቱ እየፈረሰ በር ላይ ጭቃ ቢከመር ምን ዋጋ አለው?

ከሁሉ የሚከፋው «እያደር ይሻለዋል» ብሎ መቀመጥ ነው። ለሁለት የተቆረጠ ነርቭ ካልተሰፋ መንገዱን አያገኝም። ቢሰፋም በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። ከክርን እስከ መዳፍ 30 ሴንቲ ሜትር ብንል፣ 300 ቀን! ጡንቻው ደግሞ ያለ ነርቭ ከ12 እስከ 18 ወር ከቆየ፣ ሥጋው በስብና በጠባሳ እየተተካ ስለሚሄድ ነርቩ ቢደርስም የሚያዘው አያገኝም። ስድስት ወር ወጌሻ ጋ ሲመላለሱ ከርሞ ሐኪም ቤት መሄድ ምን ያህል እንደሚያስከፍል አስሉት።

እስከዚያው ጣቶቹን በደህናው እጅ በየቀኑ ማጠፍና መዘርጋት መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ ይረዳል። ሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ ግን ይቅር፤ የማይሰማ ቆዳ ሲቃጠል አይናገርም።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ነርቭ ያጣ ጡንቻ፣ በነርቩ መገናኛ ላይ ብቻ የነበሩትን መልእክት ተቀባዮች በመላ አካሉ ላይ ያበቅላል። ሱክሲኒልኮሊን የተባለው ጡንቻን የሚያላላ መድኃኒት በዚህ ጊዜ ከተሰጠ ብዙ ፖታሲየም ወደ ደም ሊለቀቅ፣ ልብም ሊቆም ይችላል። ለሌላ ቀዶ ጥገና እንኳ ብትገቡ፣ ማደንዘዣ ለሚሰጣችሁ ባለሙያ ነርቫችሁ መቼ እንደተጎዳ ንገሩ።